የነጎድጓድ ድምፅ

መምህሩን ተማሪዎቹ «ነጎድጓድ» ይሉት ነበር፤ ክፍል ውስጥ ሲቆጣ ዳይሬክተሩ ቢሮ ድረስ ይሰማል። የነርቭ ሕመም ምላሱን ካሰረው ወዲህ ግን ውኃ ለመጠየቅ እንኳ ሦስት ጊዜ ይደጋግማል። የሚለው የሚገባት ሚስቱ ብቻ ናት፤ እሷም በግምት።

ታናሽ እህቱ መሐንዲስ ናት። በሕመም የተበላሸ ንግግር ሰምቶ በጽሑፍ የሚያወጣ፣ በጠራ ድምፅም የሚደግም ፕሮግራም ልትሠራ ከሦስት ባልደረቦቿ ጋር ጠባብ ቢሮ ከፈተች። ሁለት ዓመት ሙሉ እየተመላለሰች የወንድሟን ድምፅ ቀዳች። ፕሮግራሙ ግን ከአምስት ቃል ሁለቱን ይስታል። ትንሽ እንዲታገሣት ትለምነዋለች፤ እሱም እሺ በሚል ራሱን ይነቀንቃል። ድምፁ ግን በየወሩ እየሟሸሸ ሄደ።

ሆስፒታሉ የሚገዛውን ፕሮግራም በውድድር እንደሚመርጥ ሲያስታውቅ፣ መቶ ባለሙያ ያለው ትልቅ ኩባንያም ተመዘገበ። ይኸው ኩባንያ ከባልደረቦቿ አንዱን ቀድሞ ወስዶባታል። ተስፋዋን ሁሉ ወንድሟ ላይ ጣለች፤ የእሱን አነጋገር ከእሷ ፕሮግራም በቀር የሚያውቅ አልመሰላትም።

በውድድሩ ዕለት ሁለቱም ፕሮግራሞች በመምህሩ ንግግር ሊፈተኑ ነበር፤ ሐኪሞቹ ፊት ማይክሮፎኑን አስጠጋችለት። ተናገረ። ስክሪኑ ላይ የወጣው «ጠዋት ወንበር የለም» የሚል ነበር። እንዲደግመው ጠየቀችው፤ የባሰ ሆነ።

የተቀናቃኙ ተወካይ የራሱን ማይክሮፎን አቀበለው። መምህሩ እህቱን ትክ ብሎ አያትና ቀስ ብሎ ተናገረ። ቃላቱ በትልቁ ስክሪን ላይ ሳይዛነፉ ተደረደሩ።

«እህቴ፣ ድምፄን ለእነሱም ሰጥቻቸዋለሁ። አራት ወር ሆነኝ። ሰው ሳይሰማኝ መሞት ፈራሁ።»

ሚስቱ አንገቷን ደፋች፤ ታውቅ ነበር።

«ለምን አልነገርከኝም ጋሼ?» አለች መሐንዲሷ።

«ታገሥ ትይኛለሽ ብዬ» አለ ስክሪኑ።

ሆስፒታሉ ትልቁን ኩባንያ መረጠ። የሁለት ዓመት ድካሟን ውኃ በላው፤ በሳምንቱ የቢሮውን ቁልፍ አስረከበች። ከዚያ ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። በሩ ላይ ስትደርስ ባልና ሚስት ስለ መጋረጃ ሲጨቃጨቁ ሰማች። የእሱን ቃል የሚያሰማው የኩባንያው መሣሪያ ነበር፤ ነገረኛነቱ ግን የራሱ ነው። ሚስቱ ሳቀች።

ልታንኳኳ እጇን አነሳችና መልሳ አወረደችው። እንኳን ደስ አለህ ልትለው ይገባ ነበር፤ አፏ እንቢ አላት። ደረጃውን ወርዳ አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጠች በኋላ ዕንባዋ መጣ፤ ለእሱ ይሁን ለራሷ አላወቀችም።