የእኔ ኮት፣ የአጎቴ እጅ

ሰው ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚዋሸው ሲቸግረው ነው ይባላል። እኔ ሳይቸግረኝ ነው የዋሸሁት፤ ያውም ካሜራ ፊት፣ ፀጉሬን ተስተካክዬ፣ አዲስ ኮት ለብሼ።

የልብስ ስፌት ቤት አለኝ። አሁን አሁን "አለኝ" ስል እንኳ ምላሴን ይይዘኛል። ቤቱን የከፈቱት አጎቴ ናቸው፤ የእናቴ ታላቅ ወንድም። በአንድ የእግር ማሽንና በአንድ ጠረጴዛ ጀምረው፣ እኔንም ከአሥራ አራት ዓመቴ ጀምሮ አጠገባቸው አስቀምጠው ከቁልፍ መትከል እስከ ኮት መስፋት አስተማሩኝ። ጉልበታቸው ሲደክም ፈቃዱን በእኔ ስም አዞሩና "የወረቀቱን ጣጣ አንተ ያዝልኝ፤ እኔ መቁረጤን ልቁረጥ" አሉኝ። ይኸው ዘጠኝ ዓመት ሆነ። እኔ ከደንበኛና ከጨርቅ ነጋዴ ጋር ስነታረክ፣ እሳቸው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ንቅንቅ አላሉም።

ቤታችን የገባ ጨርቅ ሁሉ በእሳቸው መቀስ ያልፋል። የሰውየውን ቁመና አንዴ ካዩ ጠመኔያቸውን ይዘው ልክ እንደ ፊርማ ነው የሚያሰምሩት። አንድ አመል ግን አላቸው፤ መቀሱ ጨርቁን ሊነካ ሲል አራቱም ማሽኖች መቆም አለባቸው። "ስፌት ይፈታል፤ የተቆረጠ ግን አይመለስም" ነው ምክንያታቸው። ሰፊዎቹ ለምደውታል፤ እሳቸው መቀሱን ሲያነሱ እግራቸውን ከማሽኑ ላይ ያነሳሉ።

ከመንገዱ ማዶ ሌላ ስፌት ቤት ተከፈተና በስልክ ቪዲዮ መልቀቅ ጀመረ። ሰፊያቸው ቁልፍ እንኳ በወጉ አይተክልም፤ ሙዚቃው ግን ሰው ይጠራል። ሰዉ ወደዚያ ሲጎርፍ ሳይ ቆሽቴ አረረ። ቪዲዮ የምትሠራ አንዲት ባለሙያ ፈልጌ፣ አንድ ቀን ሙሉ ልትቀርጸን ተስማማን። ለአጎቴ ስነግራቸው "ደግሞ እኛን ማን ሊያየን?" ብለው ሳቁብኝ። ማታ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ግን በሩ ጋ ቆም ብለው፣ "እኔም እገባበታለሁ?" አሉኝ።

"ያለ እርስዎማ ምኑን ቪዲዮ ሆነው" አልኳቸው። ይቺን ቃል ነው የበላኋት።

በቀረጻው ቀን ማለዳ ሱቁን ልከፍት ስደርስ አጎቴ ቀድመውኛል። ጢማቸውን ተላጭተው፣ ለእኔ ሠርግ ለራሳቸው የሰፉትን ግራጫ ሙሉ ልብስ ለብሰው በር ላይ ቆመዋል። "እትዬህ ናት፤ ሦስት ጊዜ ተኩሳ ነው የለቀቀችኝ" አሉ ስለ ሚስታቸው፣ እንደማፈር ብለው።

ባለሙያዋ ረጅም፣ ቀልጣፋና ሳቂታ ሴት ናት። መብራቶቿን ተከለች፤ የቁርጥራጭ ጨርቁን ክምር አስነሳች፤ የሰፊዎቹን ኩባያ ሳይቀር ሰብስባ ቤታችንን የማናውቀው ቤት አደረገችው። መጀመሪያ አጎቴን ወንበር ላይ አስቀመጠችና እንዴት እንደጀመሩ ጠየቀቻቸው።

"የመጀመሪያው ደንበኛዬ ኮቱን ለብሶ ሲወጣ ከኋላ ከኋላው ተከተልኩት" አሉ አጎቴ። "ሰው ምን ብሎ እንደሚያየው ልይ ብዬ ነዋ። ሁለት መንገድ ከተሻገርኩ በኋላ ነው ሱቁን ክፍቱን ትቼ መምጣቴ ትዝ ያለኝ። ስመለስ አንዲት ሴትዮ በሬ ላይ ቆማ ትጠብቅልኛለች። ሁለተኛዋ ደንበኛዬ እሷ ሆነች።"

ሰፊዎቹ ሳቁ። ባለሙያዋም ካሜራዋን እስክትረሳ ሳቀች። ይህን ሁሉ ዓመት አብሬያቸው ስኖር ይህን ወሬ ሰምቼው አላውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ ከፋኝ። ቅናት ነው እንጂ ሌላ ምን ይባላል?

ቀጥሎ የእኔ ተራ ሆነ። የምናገረውን ከዋዜማው ጽፌ አጥንቻለሁ፤ "አጎቴና እኔ" ብሎ ነበር የሚጀምረው። መብራቱ ዓይኔን ሲወጋኝ ሦስት ጊዜ ተደናቀፍኩ። "ትንሽ ይጠር፤ በአንድ ትንፋሽ የሚባል ይሁን" አለችኝ ባለሙያዋ። በአራተኛው ጊዜ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩና "ይህን ቤት ከባዶ ተነስቼ የመሠረትኩት እኔ ነኝ" አልኩ። ወለም ዘለም ሳልል፣ አንዴም ሳልደናቀፍ። አጎቴ ከመብራቱ ኋላ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ አድርገው ቆመው ነበር።

"አሁን ባለቤቱ ሲቆርጥ እንቅረጽ" አለች። እምቢ አይባል ነገር፣ መሥራቹ እኔ ነኝ ብያለሁ። ጠረጴዛው ላይ የአንድ ደንበኛ ሰማያዊ ሱፍ ጨርቅ አለ፤ አጎቴ እጥፍ አድርገው አዘጋጅተውታል። እጥፉ ቀለሙን ደበቀብኝ ስትል ዘረጋሁት። ማሽኖቹም ይንቀሳቀሱ፣ ለዓይን ደስ ይላል ስትል ይንቀሳቀሱ አልኩ። ዘጠኝ ዓመት መቀስ ያልያዘ እጄን ሰድጄ አንዱን እጅጌ ቆረጥኩ። እሱኑ በቀረው ጨርቅ ላይ አስተኛሁና በእሱ ልክ ሁለተኛውን ቆረጥኩ። "ግሩም ነው" አለች።

አጎቴ ቀስ ብለው መጡና ሁለቱን እጅጌዎች አንስተው ጎን ለጎን አስተኟቸው። ሁለቱም የግራ ነበሩ። ጨርቅ ያልታጠፈ እንደሆነ ሁለተኛውን ገልብጦ መቁረጥ እንደሚያስፈልግ ስፌት በጀመረ በወሩ የማያውቅ የለም። ሰፊዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አጎቴ ግን "እንግዲህ ሰውየውን ሁለት ግራ እጅ አለህ ወይ ብለን እንጠይቀዋለን" አሉና፣ የተረፈውን ጨርቅ ወዲያ ወዲህ እያገላበጡ የቀኝ እጅጌ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጉ ጀመር።

ባለሙያዋ ዓይኗን ከእጃቸው ላይ መንቀል አቃታት። "እኔ የምፈልገው እነዚህን እጆች ነው" አለች በጆሮዬ። "ግን ፊቱ ያንተ ነው፤ እጅጌው ካልተመሳሰለ ያስታውቃል።"

ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። እምቢ ማለት እችል ነበር። ወይ ደግሞ ፊቱም የእሳቸው ይሁን ማለት። እኔ ግን ኮቴን አወለቅኩና "ጋሼ፣ እስቲ ይህን ቢለብሱልኝ" አልኳቸው። አጎቴ ኮቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ። ሦስቴ የተተኮሰውን ግራጫ ኮት አውልቀው ሚስማር ላይ ሰቀሉና የእኔን ለበሱ። ትከሻው ላይ ጠበባቸው። ሰዓቴንም ፈትቼ አሰርኩላቸው። እጃቸውን እንደ ሕፃን ዘርግተው አሳሰሩኝ፤ እኔም ቀና ብዬ ፊታቸውን ማየት አቃተኝ። ከዚያ ማሽኖቹን አስቁመው ቆረጡ።

በሳምንቱ ባለሙያዋ ደወለች። "የጋሼ ወሬ ነው ከሁሉም ያማረው" አለችኝ። "ችግሩ ቪዲዮው አንድ ደቂቃ ነው። ሁለታችሁም እኔ ጀመርኩት ስትሉ ደግሞ ሰው ይምታታበታል። የማን ይቆረጥ?"

"የአጎቴ ይቆረጥ" አልኩ። ነገሩን እንኳ አላስጨረስኳትም። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረ፣ አውቄ ነው።

ቪዲዮው ቅዳሜ ወጣ። ሰኞ ጠዋት ሱቁ ሰው በሰው ሆነ። ያዩት እጁን ነው፤ የሚያወሩት ስለ እጁ ነው። አጎቴ ግን ያን ቀን አልመጡም። ወገቤን አሞኛል ብለው ላኩብኝ። ማክሰኞም፣ ረቡዕም ቀሩ። መቀየማቸው ነው ብዬ፣ ጥፋተኛ ሰው እንደሚያደርገው እኔም በውስጤ ተቆጣሁባቸው። ስለካና ስቆርጥ ቆይቼ ዓርብ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ።

እትዬ በር ከፈቱልኝ። ሌላ ጊዜ ጉንጬን ካልሳሙ አያስገቡኝም፤ ያን ቀን "ግባ" ብቻ አሉኝ። ተቀምጬ ሳልጨርስ ጀመሩ።

"ቅዳሜ ዕለት ጎረቤት ጠርቼ ነበር" አሉ። "አሥራ አንድ ሰው። ወንበር ሳይቀር ተውሼ። ባሌ በቪዲዮ ሊታይ ነው ብዬ። እሱ ደግሞ 'ቆዩ፣ አሁን እመጣለሁ፣ አሁን እመጣለሁ' ይላል። አንተ ታወራለህ፣ አንተ ትስቃለህ። በመጨረሻ እጅ ሲመጣ 'ይኸው፣ ይሄ የኔ እጅ ነው' አላቸው። ሳቁበት። 'አይ ጋሼ፣ ኮቱም ሰዓቱም የልጁ አይደለም እንዴ?' አሉት። አንዷማ 'ለመሆኑ እዚያ ቤት የእርስዎ ሥራ ምንድን ነበር?' ብላ ጠየቀችው።"

"ተይው" የሚል ድምፅ ከጓዳ መጣ። አጎቴ ብቅ አሉ። ወገባቸው ደህና ነው፤ ቀጥ ብለው ነው የሚራመዱት።

"አልተውም። ምን ብለህ እንደመለስክላቸው ንገረው" አሉ እትዬ። መልሳቸውንም ሳይጠብቁ ራሳቸው ጨረሱት። "'ተሳስቼ ነው፣ እጁ የእሱ ነው' አላቸው። በገዛ ቤቱ።"

"ለምን ጋሼ?" አልኩ።

"ምን ልበል ታዲያ? ያሳደግኩት ልጅ ይዋሻል ልበል?" አሉ፣ ፊት ለፊቴ እየተቀመጡ። "እኔን ጃጀ ቢሉኝ ምን እጎዳለሁ። አንተ ግን ሱቅ አለህ።"

ቪዲዮውን ዛሬውኑ አወርደዋለሁ፣ ነገ ብቻ ይምጡልኝ ብዬ ለመንኳቸው። እግራቸው ላይ ልወድቅ ስል ክንዴን ያዙኝ።

"እንዴት አድርጌ ልምጣ?" አሉ። "ደንበኛው ያን እጅ ብሎ አይደለም የሚመጣው? ጠረጴዛው ጋ ቆሜ ስቆርጥ ካየኝ ነገሩ ይገለጥብሃል። መቅረቴ ነው የሚበጅህ።"

ተቀይመውኝ ነው ብዬ አምስት ቀን ሙሉ ስነጫነጭ ከረምኩ፤ ለካ ለእኔ ብለው ነው የቀሩት። ምነው በተቀየሙኝ። ሰው ለተቀየመው ሽማግሌ ይልካል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፤ ለዚህ ግን ምን ይላካል?

ዛሬውኑ ያልኩትን ገፍቼ፣ ነገ አወርደዋለሁ ብዬ ለእትዬ ምዬ ወጣሁ። በማግስቱ ሱቁን ልከፍት ስደርስ አንድ ሰውዬ ከነሚስቱ በር ላይ ይጠብቀኛል። ቪዲዮውን አይቶ፣ ለልጁ ምርቃት ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ ከሩቅ ሰፈር የመጣ ነው። ሊጨብጠኝ የያዘውን እጄን ሳይለቅ ገልበጥ አድርጎ አየውና ወደ ሚስቱ ዞረ። "ይኸው፣ ያ እጅ" አላት። ከዚያ ወደ እኔ መለስ ብሎ፣ "እጅህ ይባረክ" አለኝ።

አሜን አልኩት።