እንግዳ ሲገባ የማይነሱባት ክፍል

የኮሌጁ በር ዘበኛ ቦርሳዋን ከፍቶ ድስቱን ሲያይ ሳቀ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ምስር ወጥ ነው። ካላመንክ ቅመስ" አለችው ሸጋዬ።

ከሰፈሯ ከኔቬ ዮሴፍ ኮሌጁ እስካለበት እስከ ሀዳር ድስት ታቅፋ በአውቶቡስ ያመጣት ቅናት ነው። እሷ "ልጅቷ ናፈቀችኝ" ትበል እንጂ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። የልጅ ልጇን ኢናቭን ከጡት ጀምሮ ያሳደገቻት እሷ ናት። ልጅቷ በዕብራይስጥ ሚክላላ የሚሉት ኮሌጅ ገብታ ኤሌክትሪክ መማር ከጀመረች ወዲህ ግን ኮሌጁ ለኢትዮጵያ ልጆች ከሰጣት አንዲት ክፍል አትወጣም። ቤት የምትመጣው ለመተኛት ነው። ያም ይሁን። ትናንት ደግሞ "ከጓደኛዬ ከሺራን ጋር እዚያው ሀዳር ቤት ልንከራይ ነው" ብላ አረፈች።

ሌላም አለ። ኣብረኸት የምትባል የቲራት ካርሜል ሴትዮ እዚያች ክፍል እየሄደች ትውላለች፤ ልጆቹም "እማዬ" ይሏታል። ይሄን ወሬ ያመጣችላት ጎረቤቷ ውዱ ናት፣ ትንሽ በርበሬ ነስንሳበት። ሸጋዬ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች።

የክፍሉ በር ክፍት ነበር። አንዱ ልጅ ሰሌዳ ላይ ቁጥር ይጽፋል፣ ሌሎቹ መጽሐፍ ላይ ተደፍተዋል። ኣብረኸት ጥግ ላይ ሹራብ ትሠራለች። ሸጋዬ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀች። ማንም አልተነሳም። ኢናቭ እንኳ ቀና ብላ "እማዬ? ምን ሆንሽ?" አለችና ቁጭ እንዳለች ቀረች።

የሸጋዬ ፊት ጠቆረ። "ትልቅ ሰው ሲገባ መነሳት ቀረ?"

"እኔ ነኝ የከለከልኳቸው" አለች ኣብረኸት። "ለኔ የተነሳ ልጅ ካለ ሁለተኛ አልመጣም ብያቸዋለሁ።"

"ደህና አድርገው አሳደጉልን።"

"ይቀመጡ እንጂ። ልጆቹ ቤታቸው ሲነሱ ሲቀመጡ ነው የሚውሉት። እዚህ እንኳ ይረፉ።"

ሸጋዬ ጀርባዋን ሰጠቻት። ወደ ኢናቭ ዞረች። "ቤት ጠረጴዛ የለሽም?"

"አለኝ። ግን ውዱ ትመጣለች፤ እነሳለሁ፣ እስማለሁ፣ ውሃ አመጣለሁ። ቁጭ ስል አባ ያረጋል ይመጣሉ። እንደገና እነሳለሁ። ነገ ሚቭሃን አለኝ እማዬ፣ ያ የወደቅኩት ፈተና። አሁንም ከወደቅኩ ያስወጡኛል።"

"ቤተ መጻሕፍት የላቸውም?"

"አላቸው። የዚያ ዘበኛ መታወቂያ የሚጠይቀው ግን ከነጮቹ መሃል እኔን ብቻ ነው። እዚህ ማንነቴን የሚጠይቀኝ የለም።"

"ቤት የምትከራዪው ታዲያ እኔን ሸሽተሽ ነው?"

"አንቺን አይደለም። እንግዶችሽን።"

ልጆቹ አቀርቅረው የሚያነቡ መሰሉ፤ ጆሯቸው ግን እዚሁ ነበር። ሸጋዬ ቦርሳዋን ወደ ጠረጴዛው አስጠጋች። ድስቱን ከፈተች። ኣብረኸት በማንኪያ ቀመሰችና "ጨው ብቻ ቀርቶታል" አለች። ሸጋዬ ያቺን ማንኪያ ብትነጥቃት ደስ ባላት።

"በየስንት ቀኑ ነው የሚመጡት?" አለቻት በምትኩ።

"ማክሰኞ ማክሰኞ።"

"ሌላው ቀን ባዶ ነው?"

ኣብረኸት ሳቀች። ሸጋዬ አልሳቀችም፤ ኢናቭ አጠገብ ሄዳ ጎንበስ አለች። "ዛሬን ቤት አጥኚ። አንድ ሰው ካስነሳሽ ሻንጣሽን ራሴ ተሸክሜ ሀዳር አደርስሻለሁ።"

ኢናቭ አጠገቧ የተቀመጠችውን ሺራንን አየቻት። ሺራን ትከሻዋን ነቀነቀች። "ቤሰደር፣ እሺ" አለች ኢናቭ፣ "ዛሬን ብቻ።"

አመሻሽ ላይ ልጅቷ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ መጽሐፏን ዘርግታ ሳለ በሩ ተንኳኳ። ውዱ ናት፣ ነጠላዋን ጣል አድርጋ፣ ዓይኗ በወሬ የሚያበራ። ኢናቭ እንደ ልማዷ ወንበሯን ወደ ኋላ ገፋች። ሸጋዬ ትከሻዋን ይዛ መልሳ አስቀመጠቻት። ከዚያ ሁለቱን የፕላስቲክ ወንበሮች አንስታ ወጣችና በሩን ከኋላዋ ዘጋችው።

"ወዴት ነው?" አለች ውዱ።

"ታች እንቀመጣለን።"

"በዚህ ብርድ? ደግሞ ልጅቷን አልሳምኳት።"

"ነገ ትስሚያታለሽ። ያዢልኝ ይሄን።"

ውዱ አንዱን ወንበር ይዛ እያጉረመረመች ተከተለቻት። ደረጃው መሃል ሲደርሱ ግን አልቻለችም። "በይ ንገሪኝ፣ ያቺ ኣብረኸት ምን ትመስላለች?"

"ቀስ ብለሽ አውሪ" አለቻት ሸጋዬ። "የወጥ ቤቱ መስኮት ክፍት ነው።"