ዓይኔ ሚዛን ነው

«ውረጂና ደግመሽ ውጪ። ጫማሽን አውልቂ» አለ በያጁ።

«ጫማ መች አደረገች?» አለ ሚዛን ተቆጣጣሪው።

እውነቱን ነው፤ ልጅቷ በባዶ እግሯ ነበረች። ወርዳ እንደገና ወጣች። የሚዛኑ ቁጥሮች ትንሽ ተቅበዘበዙና ቅድም የነበሩበት ላይ ረጉ፤ ሃምሳ አምስት ኪሎ ከአራት መቶ። የተመዘገበችው በሃምሳ አራት ነው። ከኋላ ተሰልፈው ተራ ከሚጠብቁት ቦክሰኞች አንዱ ሳቀ። በያጁ ዞር ብሎ ሲያፈጥበት ሳቁን ዋጠ።

«ሚዛንህ ተበላሽቷል።»

«ከጠዋት ጀምሮ ስንቱን ሲመዝን የቆየ ሚዛን፣ ያንተ ልጅ ስትወጣበት ነው የሚበላሸው?»

«ጠዋት አይቻታለሁ እኮ! ሃምሳ አራት ናት። ዓይኔ ሚዛን ነው!»

«እንግዲያው ዓይንህን እዚህ አስቀምጥልኝና እሱ ላይ ትቁም» አለ ተቆጣጣሪው። ሁለቱ በወጣትነታቸው አንድ ክለብ ውስጥ ሲደባደቡ ያደጉ ናቸውና በቃላትም አይተዛዘኑም። «እስከ አራት ሰዓት ድረስ ደግማ መመዘን ትችላለች። ካልሆነላት በሃምሳ ሰባት አስገባታለሁ፤ ቦታ አለ። ካንተ የምፈልገው ፊርማ ብቻ ነው።»

«በሃምሳ ሰባት? ለቡልዶዘሯ ልትሰጥልኝ?»

ቡልዶዘሯ የዚያኛው ክብደት ኃይለኛ ናት። ስሙን ያወጡላት ፊቷ ቆመው የወደቁት ልጆች ናቸው። በያጁ ፊርማውን ከሚሰጥ እጁን ቢሰጥ ይመርጣል። ግን ሌላም ነገር አለ፤ ዛሬ ያሸነፈች የወጣቶች ቡድን ውስጥ ትገባለች፤ ለልጅቷ ደግሞ ይህ ዕድሜዋ የሚፈቅድላት የመጨረሻ ዓመት ነው። ዛሬ ሳትገጥም ከቀረች ያ ሁሉ ልፋት ውሃ በላው ማለት ነው።

በያጁ ቀን ቀን በርና መስኮት ይበይዳል፤ ማታ ማታ የሰፈሩን ልጆች ቦክስ ያሠለጥናል። በሁለቱም ሥራው ሜትርና ሚዛን አይወድም። በር ለመሥራት ከመንገዱ ማዶ ቆሞ አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል፤ ብዙ ጊዜም ይገጥምለታል። ሳይገጥም ሲቀር ጥፋቱ የግንበኛው ነው። ልጁንም እንደዚያው ነው ያሳደጋት፤ ቤታቸው ሚዛን ገብቶ አያውቅም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በያጁ ሞኝ አይደለም፣ ግን የያዘውን ባለመልቀቅ ወረቀትን ያስንቃል።

ኮሪደሩ ላይ ጥግ አስያዛት።

«ምን በልተሽ ነው?»

«አንተ የበላኸውን።»

«ታዲያ ይሄ ኪሎ ከሰማይ ወረደ?»

ለሚዛን ብላ ያንን ሁልጊዜ የማትለየውን ሰፊ ሹራብ አውልቃ ነበርና ዓይኑ ትከሻዋ ላይ አረፈ። ትከሻው የሚያውቀው ትከሻ አይደለም። ከአንገቷ ግርጌ ጀምሮ ሞልቷል፤ ጭኗም እንደዚሁ። ለካ ሹራቡ የብርድ አልነበረም።

«ብረት ነክተሻል» አለ፣ ‹ሰርቀሻል› በሚል ሰው ድምፅ።

«አዎ። ደረቱ የሚሉት ሰውዬ ጂም። አምና ከተሸነፍኩ ወዲህ።»

ደሙ ፈላ። ክብደት ማንሳት በሱ የሥልጠና ቦታ ከሲጋራ እኩል የተከለከለ ነው። «ቡጢ ጅራፍ ነው፣ መዶሻ አይደለም። ብረት የሚያነሳ ብረት ይሆናል፤ ብረት ደግሞ አይወነጨፍም» የሚለውን ንግግሩን ሠልጣኞቹ ከኋላው ሆነው ድምፁን እያስመሰሉ ይሉታል። አሁን የገዛ ልጁ፣ በገዛ ቤቱ፣ ወር ከወር ሹራብ ለብሳ ስትሸውደው ኖራለች።

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት አንቺ ነሽ! ቡጢ ፍለጋ ሄደሽ ውድድሩን ጣልሽው! ያንን ላስቲክ ተጠቅልለሽ ሩጪ። ላብሽ እስኪያልቅ ሩጪ!»

«አባዬ፣ በላይኛው ኪሎ ልጋጠም።»

«ሩጪ አልኩሽ!»

ራሱ ግን እሳት ለብሶ እሳት ጎርሶ ወደ ደረቱ ጂም ሄደ።

ጂሙ ከውድድሩ አዳራሽ ጀርባ ካለው ጋራዥ ጎን ነው። ባለቤቱ ደረቱ የተባለው በበር ሲገባ ደረቱ ቀድሞት ስለሚገባ ነው፤ ሰውየው ግን ከቁመናው ጋር የማይሄድ ቀጭን ድምፅና ለስላሳ ጠባይ አለው። በያጁን ሲያይ የያዘውን ብረት ቀስ አድርጎ አስቀመጠ።

«ደህና አደሩ ጋሼ?»

«ምን ደህንነት አለ! ልጄን ብረት አሸክመህ ከኪሎዋ ያሳለፍካት አንተ ነህ?»

«አለፈች?» ደረቱ ከልቡ ደነገጠ። «እኔ እኮ በየሳምንቱ ተመዘኚ ብያታለሁ። አባቴ በዓይኑ ይመዝነኛል አለችኝ።»

ይሄ ለበያጁ ጥፊ ነበር። ጥፊ የቀመሰ ሰው ደግሞ ይጮሃል።

«ምን አግብቶህ ነው ቦክሰኛ የምትነካው? ያንተ ሥራ መስታወት ፊት የሚቆሙትን ማሳበጥ ነው!»

«ክንዷን አላሳበጥኩም ጋሼ። ያሠራኋት እግርና ወገብ ነው፤ እሱንም በፍጥነት። ቡጢ ከመሬት ነው የሚነሳው ብለው የሚያስተምሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ የማስተምረውን አንተ አታስተምረኝ! የትኛውን ነው የምታነሳው? አሳየኝ!»

ደረቱ ወደ ግድግዳው ጠቆመ። በያጁ ጠጋ ብሎ አየው። ከተጣለ የጭነት መኪና ሞተር፣ ቮላኖ ከሚሉት ከባድ ሽክርክሪት የተሠራ ክብ ብረት ነው፤ መሐሉ ላይ በብየዳ ጉብ ጉብ ተደርጎ 20 ተጽፎበታል። የብየዳው እጅ የራሱ ነው።

«ጂሙን ስከፍት የሠሩልኝ ነው» አለ ደረቱ። «ስንት ይመዝናል ብልዎት ሃያ አሉኝ። እንመዝነው ስልዎት ደግሞ ተቆጡኝ። ትዝ አይልዎትም?»

ትዝ ብሎታል። ትዝ ስላለውም ባሰበት። ብረቱን ከግድግዳው ነጥቆ፣ ደረቱ «ኧረ ጋሼ!» እያለ ሲከተለው ዞር ሳይል ወጣ። ልጅቷ እግር ሥር ሊጥለው ነው፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚል አላሰበበትም። መንገድ ላይ ብረቱ እጁን ዛል አደረገው። ከቀኝ ወደ ግራ ቀየረው፤ ደግሞ ትከሻው ላይ አወጣው። ዕድሜውን ረገመ። ቁርስ ባለመብላቱም ተናደደ። ብረቱን ብቻ አልጠረጠረም።

ልጅቷ አዳራሹ ግቢ ውስጥ ላስቲክ ተጠቅልላ እየሮጠች ነበር። ከንፈሯ ደርቋል። በያጁ ለክብደት ብሎ የደረቀ ቦክሰኛ ምን እንደሚሆን ያውቃል፤ ሁለተኛው ዙር ላይ ጉልበቱ ይከዳዋል፣ ዓይኑ ቡጢውን እያየ ሰውነቱ አይሸሽም። ያውቃል፣ ግን ንዴት እውቀትን ምን ጊዜ ሰምቶ? ብረቱን ፊቷ ጣለው። መሬቱ ጎደጎደ።

«ይቺ ናት ያከበደችሽ? ይቺን ብለሽ ነው እኔን የሸወድሽኝ?»

ቆመች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀችና ላስቲኩን ከላይዋ ቀድዳ ጣለችው።

«አምና ስሸነፍ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?»

«ብዙ ነገር ብያለሁ።»

«እዚሁ አዳራሽ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ ‹ቡጢሽ በር አያንኳኳም› አልከኝ። ሰው ሳቀ። አንተም ሳቅህ። ከዚያ በኋላ ዞር ብለህ ረሳኸው። እኔ አልረሳሁትም! ሄድኩ። ይሄን ብረት ደረቴ ላይ አቅፌ ቁጭ ብድግ ስል የመጀመሪያ ቀን ከወለሉ መነሳት አቃተኝ። ሃያ ኪሎ! ከኔ የቀጠኑ ልጆች ሌላኛውን ሃያ እንደ ትራስ ነው የሚያነሱት። ያን ቀን አባቴ እውነቱን ነው አልኩ። በቃ እኔ ደካማ ነኝ፣ እሱ በዓይኑ አይቶኝ ያወቀው ነገር ነው አልኩ። ግን ደካማም ብሆን አልተውኩትም። ከንዴቴ ብዛት አልተውኩትም!»

በያጁ ማለት የነበረበትን ያውቀዋል፤ ‹ይቅርታ› የምትል አንዲት ቃል ናት። ያቺን ቃል ግን ሚስቱ እንኳ ከአፉ ሰምታ አታውቅም። ስለዚህ ግድግዳው ሥር ካለው ቦርሳው ቡጢ የሚቀበልባቸውን የእጅ ፓዶች አውጥቶ አጠለቃቸው።

«ነይ ምቺ። ብረትሽ ምን እንደጠቀመሽ እንየው።»

መታች። የመጀመሪያዎቹ ቡጢዎች ቡጢ አልነበሩም፤ ትከሻዋን ቆልፋ ትገፋለች፣ ክንዷ ከመነሳቱ በፊት ፊቷ ይናገራል። በያጁ ደስ አለው፤ በልጁ ድክመት ደስ የሚለው አባት መሆኑን ለማሰብ ጊዜ አላገኘም።

«አላልኩም? በሬ ሆነሽልኛል! ቡልዶዘሯ ይሄ ቡጢ እስኪደርስላት ፀጉሯን ተሠርታ ትመለሳለች። ያን ያህል ብረት አንስተሽ ይሄ ነው? አሁንም በር አያንኳኳም!»

መናገሩን አፉ ከጨረሰ በኋላ ነው የሰማው። ልጅቷ ቀጥ ብላ አየችው። ጥርሷን ነከሰች፤ ትከሻዋ ግን እንግዳ በሆነ መንገድ ላላ አለ፣ ከዚያ በላይ የሚያስፈራት ነገር የቀረ አይመስልም። በያጁ ከአስተማሪነት ልማዱ የተነሳ ብቻ «እግርሽ!» ብሎ ጮኸ። የኋላ እግሯ መሬቱ ላይ ተሽከረከረ፣ ወገቧ ተከተለ፣ ከዚያ በኋላ የመጣውን አላየውም።

ፓዱ ወደ ኋላ ሄዶ የገዛ ጆሮውን መታው። የእጁ አንጓ ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። ሁለት እርምጃ ተንገዳግዶ ግድግዳው ያዘው።

በያጁ ፓዱን በጥርሱ ስቦ አወለቀና እጁን አየ። ጣቶቹ አልታጠፍ አሉት። ስንት ዓመት ፓድ ይዞ ስንቱን ሲያስመታ እንዲህ ያለ ቡጢ እጁ ላይ አርፎ አያውቅም። የእግሩን አዟዟር ያስተማራት እሱ ነው፤ የወገቡንም። ከእግሯ ሥር ያለው ጉልበት ግን የሱ አይደለም። ከዚያ ከተኛው ብረት የመጣ ነው፤ ክንዷ ብቻውን ሲገፋ ምንም ያልነበረ፣ እግሯ ሲዞር ሰው የሚጥል ጉልበት። ንዴቱ አልበረደለትም፤ ዞሮ ወደ ራሱ መጣ እንጂ።

«ሃያ ኪሎ ነው ያልሽው?» አለ።

«አንተ ነህ ሃያ ብለህ የጻፍክበት።»

ብረቱን በግራ ክንዱ አቅፎ አነሳው። አሁን ቁርስ አለመብላቱን አላሰበም። ተሰልፈው የቆሙትን በትከሻው እየገፋ ገብቶ ሚዛኑ ላይ አስቀመጠው።

«ይሄኛው ደግሞ በስንት ኪሎ ነው የሚጋጠመው?» አለ ተቆጣጣሪው፤ ሰልፈኛው ሳቀ። በያጁ አልሰማም። ቁጥሮቹ ትንሽ ተቅበዘበዙና ረጉ፤ ሃያ ስድስት።

ስድስት ኪሎ። በር ቢሆን ግንበኛውን ይረግም ነበር። እዚህ ግን ግንበኛ የለም። በገዛ እጁ ብረት ላይ የበየደው ውሸት አለ፤ ልጁ ያንን ውሸት ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ደካማ ነኝ እያለች፣ አንድ ዓመት ቁጭ ብድግ ብላለች። አፈረ። እንዲህ አፍሮ አያውቅም።

ልጅቷ ከኋላው ደርሳ ቁጥሩን አየችው። 20 የሚለውን ብየዳ አየች፤ ተመልሳ ሚዛኑን አየች። ፊቷ ላይ ቅድም ከመታችው ቡጢ የባሰ ነገር ነበር።

«ሚዛን ላይ ብረት ልታስቀምጥ ነው የመጣኸው?» አለ ተቆጣጣሪው። «ሰዓቱ እየደረሰ ነው። ሃምሳ አራቱን ልትሞክር ነው ወይስ ወደ ሃምሳ ሰባት ትወጣለች?»

በያጁ ወደ ልጁ ዞረ። እስከ ዛሬ ድረስ በዓይኑ ሲለካት፣ በዓይኑ ሲፈርድባት ነው የኖረው። ዛሬ ዓይኑን አላመነውም።

«አንቺ ምን ትያለሽ?» አለ።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ከሱ አፍ ሰምታ አታውቅም።

«በላይኛው።»

«ውሃ ጠጪ» አለና ወደ ጠረጴዛው ሄደ። «በሃምሳ ሰባት ጻፋት።»

«ቡልዶዘሯ አለች እኮ።»

«ትኑር።»

ተቆጣጣሪው ወረቀቱን ገፋለት። በያጁ እስክሪብቶውን በቀኙ ሊይዝ ሞከረ፤ ከጣቶቹ መሐል ሾልኮ ወደቀ። በግራው አነሳውና እንደ ጀማሪ ተማሪ ምላሱን በጥርሱ ይዞ ፈረመ። ፊርማው የሌላ ሰው መሰለ።

«እጅህን ምን ሆነህ ነው?» አለ ተቆጣጣሪው።

በያጁ ቀና አለ። ሰልፉን አየው፤ ቅድም የሳቀውን ልጅ ጭምር። አምና ‹ቡጢሽ በር አያንኳኳም› ያለው እዚሁ ቦታ ላይ ቆሞ፣ በዚሁ ድምፁ ነበር። ያበጠውን እጁን ሁሉም እንዲያየው ከፍ አደረገና አዳራሹ እስኪሰማ ጮኸ፦

«ልጄ መታችኝ!»