ከሰባት ጊዜ በላይ

አባቴ አንድ ነገር አንዴ ተጭኖ መጠበቅ አይሆንለትም። የሊፍት ቁልፍ ከሆነ አምስት ጊዜ ይጫነዋል፤ የበር ደወል ከሆነ የቤቱ ሰው ተነስቶ እስኪከፍት ጣቱን አያነሳም። የእኔ ጎረቤቶች ደወሉ ሲንጫጫ «አባትሽ መጡ» ይሉኛል እንጂ ማን እንደሆነ አይጠይቁም። እኔም ብሆን ከእሱ አልሻልም። የእኔ ችኮላ ዓይኔ ላይ ነው፤ መመሪያ ሳነብ የምፈልገውን መስመር ካገኘሁ የቀረውን ዞር ብዬ አላየውም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ አባቴ ላይ እንዳትፈርዱበት ነው።

የምሠራው በአንድ ሬዲዮ ጣቢያ የድምፅ ማኅደር ውስጥ ነው። ያረጁ ቴፖችን እያጫወትን ወደ ኮምፒውተር እንቀዳለን። ኮምፒውተሩ ሊኑክስ በሚባል ሥርዓት የሚሠራ፣ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ የሚያሳይ ደረቅ ማሽን ነው። የሌሎቹ ቢሮዎች ማሽኖች ሌላ ዓይነት ናቸው፤ ጠዋት ለመግባት ኮንትሮል፣ አልትና ዲሊት የሚባሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ መጫን ግድ ነው። ቢሮ የዋለ ሰው ሁሉ ጣቱ ይህን ለምዷል። በእኛ ማሽን ላይ ግን እነዚያው ሦስት ቁልፎች «ያለህን ጥለህ ጠፍተህ ተነስ» ማለት ናቸው።

ባለፈው ዓመት ከሰው ኃይል ክፍል የመጣ አንድ ሰውዬ «ላግዛችሁ» ብሎ ተጫናቸውና የአንድ ሰዓት ሥራችን ገደል ገባ። ደሜ ፈላ። በዚያው ቀን መመሪያውን አውጥቼ ለሦስቱ ቁልፎች መልስ የሚሰጠውን የማሽኑን ክፍል ዘጋሁት። የማብሪያ ማጥፊያውን ቁልፍም ቢጫኑት እንዳይሰማ አደረግሁት። ከዚያ ሞከርኩ። አንዴ ተጫንኩ፣ ዝም። ደገምኩ፣ ዝም። ከዚያ ወዲህ ለወጣ ለገባው ሁሉ «እንዳሻችሁ ተጫኑት፣ ብትጨፍሩበትም ምንም አይሆን» እያልኩ ስኮራ ከረምኩ። አለቃዬ ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወራት የቀሯቸው፣ ቃል ከአፋቸው በመከራ የሚወጣ ሰው ናቸው። «መመሪያውን እስከ መጨረሻው አንብበሽዋል?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እየሠራ አይደል እንዴ?» አልኳቸው። ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

እናቴ የዚሁ ጣቢያ ፕሮግራም አቅራቢ ነበረች። በየሳምንቱ ከአድማጮች የሚመጡ ደብዳቤዎችን ታነብ ነበር። ስትሞት እኔ ሁለት ዓመት አልሞላኝም። ፎቶዋ አለኝ፣ ሹራቧ አለኝ፤ ድምፅዋን ግን አላውቀውም። ሰዎች «ድምፅሽ ቁርጥ እናትሽን ነው» ሲሉኝ ፈገግ እልና ወሬ እቀይራለሁ። ያኔ ቴፕ ውድ ስለነበር የተላለፈ ፕሮግራም ይጠፋና ሌላ ይቀዳበት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ የእሷን ሳጥን ፍለጋ ያላገላበጥኩት መደርደሪያ የለም። እውነቱን ለመናገር እዚህ ቤት የተቀጠርኩትም ለዚሁ ነው።

ያገኘሁት ሌላ ነገር ስፈልግ ነው። ሳጥኑ ላይ «የንብ እርባታ ትምህርት፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ» ይላል፤ ከሥሩ በሌላ ቀለም የእናቴ ስምና «ደብዳቤዎቻችሁ፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ» የሚል አለ። መደርደሪያውን ተደግፌ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቴፑ ግን ክፉኛ አርጅቶ ነበር። አለቃዬ ጠርዙን በጥፍራቸው ነካ አድርገው ጣታቸውን አሳዩኝ፤ ድምፁን የተሸከመው ቡናማ ልባስ ዱቄት ሆኖ ተከትሏቸዋል።

«አንድ ጊዜ ነው የሚያልፈው፤ እያለፈ ይረግፋል። ሁለተኛ የለም» አሉኝ።

አባቴ ይህን ሲሰማ ካልመጣሁ አለ። ዕድሜውን ሙሉ መዝገብ ቤት የሠራ፣ ማንንም ለምኖ የማያውቅ ሰው ነው። «ስትቀዳ ልስማት። ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ» አለኝ። አለቃዬ ፈቀዱ።

በቀጠሮው ቀን ረፋድ ላይ ከረባት አስሮ መጣ። መቅጃ ክፍላችን ጠባብ ነው፤ የቴፕ ማጫወቻው፣ ኮምፒውተሩና ሁለት ወንበር ከገቡበት ለእግር ቦታ የለውም። ቴፑን አስገብቼ መቅዳት አስጀመርኩ፤ ያለችውን አንዲት የጆሮ ማዳመጫ ለአባቴ አጠለቅሁለት። የንቡ መምህር ጀመረ።

«ይሄ ሰውዬ ንቦቹን አንድ በአንድ ሊቆጥራቸው ነው እንዴ?» አለ አባቴ አንድ ጆሮውን ገልጦ።

«ታገስ። አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው።»

ስምንተኛው ደቂቃ ላይ ከወንበሬ ተነሳሁ። ስድስት ዓመት የፈለግሁት ነገር አራት ደቂቃ ሲቀረው ፈራሁ። ምን እንደፈራሁ አሁንም በደንብ አላውቅም፤ ምናልባት ሰምቼው ምንም ባይሰማኝስ ብዬ ይሆናል። ደግሞም እየተቀዳ ነው፤ ካለቀ በኋላ ብቻዬን፣ በሬን ዘግቼ፣ ደጋግሜ እሰማዋለሁ አልኩ።

«ውሃ ጠጥቼ ልምጣ» አልኩት።

«አሁን? ልትጀምር ስትል? ማሽኑ ቢቆምስ?»

«አይቆምም፣ አባዬ። ማጫወቻውን ብቻ እንዳትነካ። ኪቦርዱን እንደሆነ እንዳሻህ ተጫነው፣ ምንም አይሆንም።»

እንዲህ ብዬው ወጣሁ። ኮሪደሩ ጫፍ ካለው መስኮት አጠገብ ቆሜ ታች የሚያልፉትን መኪኖች ስመለከት፣ ሰዓቴንም ስመለከት ቆየሁ። «አሁን ጀመረች» አልኩ። «አሁን መሃል ደርሳለች» አልኩ። ሰላሳኛው ደቂቃ ሲያልፍ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ።

በሩን ስከፍት ቴፑ አልቆ ጫፉ በባዶ እየተሽከረከረ ጠፍ ጠፍ ይላል። አባቴ ማዳመጫውን እንዳጠለቀ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ስክሪኑ ላይ የሚቀዳ ነገር የለም። ማሽኑ ገና እንደተነሳ ሆኖ የተጠቃሚ ስም ይጠይቃል። ከበላይ የአባቴ ስም ከነአባቱ ተጽፏል፤ ከሥሩ «ስህተት» ይላል።

«አባዬ፣ ምን ሆነ?»

«ሰውዬው ጨረሰ። ከዚያ ጭጭ አለ። ቀና ብል ስክሪኑም ጠቁሯል። ድምፅ የለ፣ ብርሃን የለ። ቆመ ብዬ ደነገጥኩ፤ ቢሮ እንደምናደርገው ሦስቱን ቁልፎች ተጭኜ ቀሰቀስኩት። ከዚያ ስሜን ጠየቀኝ፣ ጻፍኩለት፤ አላውቅህም አለኝ።»

«ስንት ጊዜ ተጫንከው?»

«እስኪነቃ።»

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። አሥር ደቂቃ ኪቦርዱ ካልተነካ ስክሪኑ ይጠቁራል፤ አሮጌ ስለሆነ ደግሞ ቁልፍ ተጭነውም እስኪበራ አምስት ሰከንድ ይፈጅበታል። በሁለቱ ፕሮግራሞች መሃል ባዶ ቴፕ ነበር። አባቴን ያህል ሰው አምስት ሰከንድ በጨለማ ውስጥ እንዲጠብቅ ፈርጄበት ነው የወጣሁት። ማሽኑ ጠፍቶ ሲነሳ ግን ማጫወቻው የራሱ ሞተር አለውና ቴፑን አላቆመም። አሥራ ስምንቱ ደቂቃ ማንም ሳይቀዳው አልፏል።

ፋይሉን ከፈትኩት። እስከ መጨረሻው ንብ ነው።

አለቃዬ መጡና ቴፑን ወደ መስኮቱ አነሱት። ልባሱ ረግፎ ብርሃን ያሳልፋል፤ የማጫወቻው ራስ ላይ ቡናማ ዱቄት ተከምሯል። ያም ሆኖ ራሱን አጽድተው መልሰው ሞከሩት። ሲጢጥ ከሚል ነገር በቀር ምንም የለም። ትከሻዬን ነካ አድርገውኝ ወጡ። ስለ መመሪያው አንድ ቃል አልተናገሩም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መመሪያውን እዚያው ከፈትኩት። ያመለጠኝ መስመር ያኔ ካቆምኩበት ብዙም አይርቅም። ሦስቱ ቁልፎች በሁለት ሰከንድ ውስጥ ከሰባት ጊዜ በላይ ከተጫኑ፣ ሌላው ሁሉ ተዘግቶ እንኳ ቢሆን ማሽኑ ማንንም ሳይጠይቅ ወዲያው ጠፍቶ ይነሳል፤ ይህን ለመከልከል ሌላ ቦታ ሌላ መስመር መጻፍ ያስፈልጋል። አንድ መስመር። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ፤ እኔ ጠምጥሜ ዓመት ሙሉ ስንጎራደድ ነበር። በሁለት ሰከንድ ስምንት ጊዜ የሚጫን ሰው ከየት ይመጣል እንዳልል፣ በእነዚያ ጣቶች ተጎትቼ ነው ያደግሁት።

አባቴ ከወንበሩ አልተነሳም። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ተጫነው ያልኩህ እኔ ነኝ። መመሪያውን አንብቤ አልጨረስኩትም ነበር። አንተ ምንም አላጠፋህም።»

«የተጫንኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ ያልኩህ።»

ከረባቱን ፈታ፣ አጣጠፈ፣ ኪሱ ከተተው። ፊቱን ሳየው በአንድ ረፋድ ያረጀ መሰለኝ።

«ግን እኮ ሰማኋት» አለ።

ቀና አልኩ።

«ቴፑ አልቆመም ነበራ። ሲዞር ነበር። አንቺ ወጥተሽ እኔ ሰማኋት። ከአንዲት አስተማሪ የመጣ ደብዳቤ አነበበች። ሌላም አነበበች። መጨረሻ ላይ ሳቀችና ‹ልጄ ቤት ትጠብቀኛለች፣ ዛሬስ ቶሎ ልሂድላት› አለች። ስላንቺ ነው። ምንም አልቀረብሽም፣ ልጄ፤ እኔ ሰምቼልሻለሁ።»

ዓይኔ ሳላስበው የማዳመጫውን ገመድ ተከተለ። በጠረጴዛው ጠርዝ ወርዶ፣ ከኋላ ዞሮ፣ ኮምፒውተሩ ላይ ተሰክቷል። እኔው ነኝ የሰካሁት። የቴፑ ድምፅ ወደ ጆሮ የሚደርሰው መቅጃው በኮምፒውተሩ ውስጥ ሲያሳልፈው ነው፤ ማሽኑ ስም እየጠየቀ ቁጭ ካለበት ደቂቃ ጀምሮ በዚያ ገመድ ውስጥ ትንፋሽ አላለፈም። አባቴ ባዶ ማዳመጫ ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ቴፑ ሲዞር እያየ፣ አሥራ ስምንት ደቂቃ ጠብቋታል።

ሌላ ቀን ቢሆን አፌ ይቀድመኝ ነበር። ገመዱ የት እንደተሰካ፣ ድምፅ በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ጣቴን ቀስሬ አስረዳው ነበር።

«እንዴት ነበር የሳቀችው?» አልኩት።

አባቴ ለአፍታ አሰበ። ከእሷ ጋር አሥር ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ ከሁለታችን ሳቋን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንገቱን ትንሽ ዘንበል አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ እንደሷ ሊስቅልኝ አፉን ከፈተ፤ ድምፁ ግን እንቢ አለው።