መቶ ሠላሳ አንደኛው ድምፅ

የገዛ አባታችሁን ለቀብር አልብሳችሁ ታውቃላችሁ? ካላወቃችሁ ሌዎኖር ሪንኮን ትንገራችሁ። የሚከብደው ክንዱ ነው። ሕፃን ልጅ እንኳ እጅጌ ሲያጠልቁለት እጁን ወደፊት ይገፋል፤ ሬሳ ግን አያግዝም።

አስከሬን አዘጋጁ ከጀርባው ደግፎ ይዞት እሷ ኮቱን ስትጎትት አዘጋጁ በድንገት እጁን ሰበሰበ።

"ቆይ፣ የሆነ ነገር ወጋኝ።"

ኮቱን ገልጣ አየች። በውስጥ ገበሩ ላይ፣ ልብ ያለበት ቦታ፣ በመርፌ ቁልፍ የተያያዘ ካርቶን አለ። የአውቶቡስ ጣቢያ ሻንጣ ላይ የሚንጠለጠለውን ይመስላል። በትልልቅ ፊደል "ቴዎፊሎ ሪንኮን። ጠረጴዛ ሀ። ፖስታው በቀኝ ኪስ" ይላል። ከጎኑ በቀይ እስክሪብቶ የ"ተፈጽሟል" ምልክት ተደርጎበታል።

"የአረጋውያን መጦሪያው ልብስ ማጠቢያ ምልክት ይሆናላ" አለ ሰውየው። "ካልሲ ላይ ሳይቀር ስም ይጽፋሉ እኮ።"

"ጠረጴዛ ሀ ያለው የትኛው ማጠቢያ ቤት ነው?"

የድምፅ መስጫ ጠረጴዛ በፊደል እንደሚጠራ በአገሩ የማያውቅ ሰው የለም። ምርጫው ከተካሄደ ደግሞ ገና አሥራ አንድ ቀኑ ነው።

ሙሉ ልብሱን ከሁለት ዓመት በፊት መጦሪያው ድረስ የወሰደችው ራሷ ሌዎኖር ነበረች። ከነፕላስቲኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ሰቅላ "የሞተ ዕለት ይለብሰዋል" ብላ ነበር። አሁን ፕላስቲኩ የለም፤ ኮሌታው ላይ የደረቀ ሾርባ አለ። ሾርባውን በምራቋ አርሳ በመሐረብ ጠረገችው። ካርቶኑን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። የአባቷንም ኮት ቆልፋ ጨረሰች።

ለቅሶ ቤቱ፣ ሬሳ እስኪቀበር የሚያርፍበት አዳራሽ፣ ጎረቤት ከተማ ነው። ሬሳው ከመስታወት ወዲያ፣ ሐዘንተኛው ከመስታወት ወዲህ ይቀመጣል፤ ጥጉ ላይ ሳንቲም የሚበላ የቡና ማሽን ቆሟል። ወንዶቹ ስለ ስንዴው ማነስ ያወራሉ። ከቀትር በኋላ የመንደራቸው የቶሬኦልሞ ከንቲባ ፌርሚን የአበባ ጉንጉን አስይዞ ገባ። በሪባኑ ላይ "መንደሩ አይረሳህም" ተብሎ ተጽፏል። አንድ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፤ ሁለት ጉንጯን ሳማት።

"ሌዎኖርዬ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። አባትሽ እስከ መጨረሻው ሰው ነበር። ያን እሁድ እንኳ በእግሩ ቆሞ..."

ቃሉን ዋጠው።

"የቱን እሁድ?"

"ያው እሁድ ነዋ። ፀሐይ ሲሞቅ አይቼው።"

"በሙሉ ልብስ ነው ፀሐይ የሚሞቀው?"

ፌርሚን ያልጮኸ ስልኩን አውጥቶ "አቤት" እያለ ወጣ።

ይህ ሰው ለአምስተኛ ጊዜ የተመረጠው በአንድ ድምፅ ብልጫ ነው፤ መቶ ሠላሳ አንድ ለመቶ ሠላሳ። መጦሪያውን የምታስተዳድረው ማቲልዴ ደግሞ እህቱ ናት። ይህን የማያውቅ ቶሬኦልሞ ውስጥ የለም፤ አፉን ሞልቶ የሚናገርም የለም። መንደራችን እንዲህ ነው። ሁሉን ያውቃል፤ ሲጠየቅ ግን ሁሉም የዚያን ዕለት እርሻ ላይ ነበር።

ሌዎኖር ከመስታወቱ ፊት ቁጭ ብላ አባቷን አየች። ቴዎፊሎ የስኳር ፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ስፔንን አርባ ዓመት ገደማ ረግጦ የገዛው ጄኔራል ሊሞት ስድስት ዓመት ሲቀረው፣ ማታ ማታ በእጅ ማባዣ በራሪ ወረቀት ያትም ነበር። ወረቀቱ ላይ "ተወካያችንን ራሳችን እንምረጥ" ከሚል በቀር ምንም አልነበረበትም። ለዚህች አንድ ዓረፍተ ነገር ሁለት ጥርሱን በጥፊ አጣ፤ አሥራ ሰባት ወር ታሰረ። ሌዎኖር የተወለደችው ከተፈታ በኋላ ነው።

ጄኔራሉ በሞተ በሁለተኛው ዓመት የመጀመሪያው ምርጫ መጣ። ሌዎኖር ስድስት ዓመቷ ነበር። አባቷ ከሥራ ጓደኛው ሠርግ በቀር ለብሶት የማያውቀውን ሙሉ ልብስ ለበሰ። እጇን ይዞ ከትምህርት ቤቱ በር እስከ አደባባዩ በተዘረጋው ሰልፍ ሁለት ሰዓት ቆመ። ተራው ደርሶ ስሙ ሲጠራ የድምፅ ወረቀቱ ያለበትን ፖስታ ሣጥኑ አፍ ላይ አደረገው፤ ግን አልለቀቀውም። ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሰው "ልቀቀው እንጂ ቴዎፊሎ፣ አይነክስህም!" ሲለው ሰልፉ በሙሉ ሳቀ። አባቷ አልሳቀም። "እስኪ ተወኝ፣ ትንሽ ልያዘው" አለ። ከዚያ በኋላ በየምርጫው ያንኑ ልብስ ይለብስ ነበር። ማንን እንደመረጠ ለሚስቱም ተናግሮ አያውቅም። እናቷ ስትቆጣ፣ "አልጋ አብረን እንተኛለን፤ ፖስታው ግን የኔ ነው" ይላት ነበር።

እንግዲህ ያን ፖስታ ነው ሰዎች አሽገው ኪሱ ውስጥ የከተቱለት።

ከቀብሩ በኋላ የዘጠኝ ቀን የመቁጠሪያ ጸሎት በአባቷ ቤት ተጀመረ። ሴቶቹ በየቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ይመጣሉ፤ ጸሎቱ ሲያልቅ ብስኩት ይቀርባል፤ ከብስኩቱ ጋር ሐሜት ይበላል። በሦስተኛው ቀን የአባቷ የግድግዳ ጎረቤት ኤርሜሊንዳ ሌሎቹ ሲሄዱ ወደኋላ ቀረች። ወጥ ቤት ገብታ የታጠበውን ስኒ እንደገና ታጥብ ጀመር።

"እትዬ ኤርሜሊንዳ፣ ያ ስኒ እኮ ንጹሕ ነው።"

"አውቃለሁ።" ውሃውን አልዘጋችውም። "ሌዎኖር፣ ዕጣ ወጥቶብኝ ነበር። ምርጫ አስፈጻሚ ሆኜ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ጠረጴዛ ሀ ላይ ተቀምጬ ነበር።"

ሌዎኖር ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ተናገሪ።"

"ማቲልዴ በመጦሪያው መኪና ስድስት ሰው አመጣች። አምስቱ ደኅና ናቸው። አባትሽ ግን... እኔን እንኳ አላወቀኝም። አርባ ዓመት በአጥር ላይ ቲማቲም የሰጠሁትን ሰው! ማቲልዴ ኮቱን ገልጣ የሆነ ነገር አነበበች፤ ከኪሱ ፖስታውን አውጥታ አስያዘችው። ስሙ ሲጠራ 'አቤት ጌታዬ' ብሎ ቀጥ አለ።"

"ከዚያስ?"

"ተይኝ በናትሽ።"

"ከዚያስ?"

"'የት ነው የምፈርመው?' አለ። 'የምን ፊርማ?' አልነው። 'የመፈቻዬን ነዋ፤ ሚስቴ በር ላይ እየጠበቀችኝ ነው' አለ። ማቲልዴ 'ፖስታውን እዚህ ክተት፣ ከዚያ ትወጣለህ' አለችው። ከተተው። በሩ ላይ ፌርሚን ቆሞ ነበር። አባትሽ ባርኔጣውን አውልቆ 'እግዜር ይስጥልኝ ጌታዬ' አለው። ፌርሚን ትከሻውን መታ መታ አደረገው።"

ውሃው ይወርዳል። ሌዎኖር ተነሥታ ዘጋችው።

"ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ ነበራችሁ?"

"ነበረን።"

"ሕጉን አንብበውላችሁ ነበር?"

"አንብበውልናል። መራጩን መከልከል አይቻልም፤ ግን ሰውየው በፈቃዱና እያወቀ የመረጠ ካልመሰለን ቃለ ጉባኤው ላይ ማስፈር እንችላለን።"

"ስንት መስመር ይፈጃል?"

"አንድ።"

"ለምን አልጻፍሽም?"

ኤርሜሊንዳ ስኒውን በልብሷ አደረቀች። "አንኸልን ታውቂው የለ፣ ባሌን። ማንኪያ አፉ ጋ አይደርስለትም፤ እጁ ይንቀጠቀጣል። ለመጦሪያው አልጋ ሦስተኛ ተራ ላይ ነው። ዝርዝሩን የምትይዘው ማቲልዴ ናት።"

"አሁንስ ስንተኛ ነው?"

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። "አባትሽ ሲሞት ሁለተኛ ሆነ።"

ሌዎኖር መምታት አማራት። አልመታቻትም። "ውጪልኝ" ብቻ አለቻት።

ሰው ሲቆጣ ጠላቱን ብቻ እያየ መቆጣት ይፈልጋል፤ ያ ደስ የሚል ቁጣ ነው። ሌዎኖር ግን እሱም አልተፈቀደላትም። አባቷን መጦሪያው ያስገባች ዕለት ማቲልዴ አንድ ክምር ወረቀት አቅርባላት ነበር። የመኪናዋን ሞተር ሳታጠፋ፣ ኮፈኑ ላይ አስደግፋ አንድ በአንድ ፈረመች። ከወረቀቶቹ አንዱ "ነዋሪው ከማእከሉ ውጪ በሚደረጉ እንቅስቃሴዎች ሁሉ እንዲሳተፍ ፈቅጃለሁ" ይላል። በዚያ እሁድ ደግሞ እሷ በምትኖርበት በቫያዶሊድ ከተማ በማለዳ መርጣ፣ ወደ ሳንታንዴር ባሕር ዳርቻ ሄዳ ነበር። አባቷ መፈቻውን ሲለምን እሷ አሸዋ ላይ ተኝታ ነበር።

በአምስተኛው ቀን ካርቶኑን ይዛ የምርጫ አቤቱታ የሚቀበለው ቢሮ ሄደች። ጸሐፊው ወጣት፣ ጨዋ ልጅ ነው። ካርቶኑን አገላብጦ አየው፤ ኮፒ አደረገው፤ በኮፒው ላይ ማኅተም መታ።

"እመቤቴ፣ የአቤቱታው ጊዜ አልፏል።"

"መቼ አለፈ?"

"አባትዎ ከመሞታቸው ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ።"

"አባቴ ዘግይቶ ስለሞተ ይቅርታ አድርጉለት። ሁሌ ሰዓት አክባሪ ነበር።"

ልጁ ፊቱ ቀላ። "ፍርድ ቤት ሌላ መንገድ ይኖር ይሆናል። ግን ዓመታት ይፈጃል፤ ምስክርም ያስፈልጋል።"

ምስክር! ቶሬኦልሞ ውስጥ ምስክር ከመፈለግ በጠራራ ፀሐይ በረዶ መፈለግ ይቀላል።

በስምንተኛው ቀን ፌርሚን ራሱ ቤት ድረስ መጣ። የመጦሪያውን ብስኩት በሳጥን ይዟል። ሳሎን ገብቶ የቴዎፊሎ ወንበር ላይ ሊቀመጥ ሲል ሌዎኖር፣ "እሱ ላይ አይደለም" አለችው። ቆሞ ቀረ።

"ቢሮ ሄደሽ ነበር አሉ።"

"አሉ እንዴ? ጥሩ ጆሮ አለህ።"

"ስሚኝ፣ እኔና አንቺ ልጆች አይደለንም። አባትሽ የመምረጥ መብት ነበረው። የታመመ ሰው መብቱን ይነጠቅ ነው የምትዪው? ዛሬ እንዲህ የሚል ሰው አረመኔ ይባላል።"

"መብቱን ማን ነጠቀው? ለአንተ የሰጠው ማን ነው እንጂ ጥያቄው።"

"እሺ፣ እሺ።" ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ነገ አዲሱ ምክር ቤት ተሰብስቦ ሥራ እንጀምራለን። የመጀመሪያው አጀንዳ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? የትምህርት ቤቱ መንገድ በአባትሽ ስም ይሰየማል። የቴዎፊሎ ሪንኮን መንገድ። እምነ በረድ ላይ አስቀርጸዋለሁ። ለአንድ የፋብሪካ ሠራተኛ ትንሽ ነው?"

ይህን ስትሰማ ልቧ ውስጥ የሆነ ነገር ረጋ። እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ፍትሕ የምትፈልግ መስሏት ነበር። አሁን የምትፈልገው ይህ ሰው በሕዝብ ፊት ላብ ሲያጠምቀው ማየት ነው። እዚህ ላይ የምትጸየፏት ካላችሁ ተጸየፏት፤ እኔ አልጸየፋትም።

"ስንት ሰዓት ነው ስብሰባው?" አለችው።

"ስድስት ሰዓት። ከዘጠነኛው ቀን ቅዳሴ በኋላ። ነይ፣ የክብር ቦታ አስይዝልሻለሁ።"

"እመጣለሁ።"

መጣች። ቅዳሴው አልቆ ሰው ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሲያቋርጥ፣ በጥቁር ልብሷ ከፊተኛው ረድፍ ተቀመጠች። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰባቱ የምክር ቤት አባላት ከንቲባውን ለማጽደቅ ድምፅ ሰጡ፤ አራት ለሦስት። ፌርሚን ለሕገ መንግሥቱ ታማኝ ለመሆን ማለ። ብር ጫፍ ያለው የሹመት በትር ተሰጠው፤ ተጨበጨበ። ሌዎኖር ተነሥታ ቆመች።

"አንድ ጥያቄ አለኝ።"

የማዘጋጃ ቤቱ ጸሐፊ መነጽሩን ከፍ አደረገ። "ይቅርታ፣ በዚህ ስብሰባ ታዳሚው አይናገርም።"

"አባቴም አልተናገረም። በኪሱ ነው የተናገራችሁለት።"

"ተናገሪ ልጄ!" አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። "ባንኮኒ ላይ ስንንሾካሾክ ሁለት ሳምንት ሆነን፤ አንዱ ይናገረው!"

"ዝም በል አንተ፣ ነገ መብራትህ ቢቆረጥ!" አለ ሌላው። ጥቂቶች ሳቁ፤ ሳቁ ቶሎ ሞተ።

ሌዎኖር ወደ መድረኩ ተጠጋች። "ከሃያ ቀን በፊት አባቴን እዚህ አዳራሽ አመጣችሁት። የት እንዳለ የማያውቅ ሰው ነበር። እስር ቤት ያለ መስሎት የመፈቻ ወረቀቱን ጠየቀ። በታሸገ ፖስታ ፈታችሁት። እዚህ ውስጥ ያያችሁ አላችሁ፤ ማን እንዳየ አውቃለሁ። እኔም ሳላነብ ፈርሜያለሁ፤ ጥፋቴን እናገራለሁ፣ ይኸው ተናገርኩ። አሁን ተራው የአንተ ነው ፌርሚን።"

ፌርሚን ፈገግ ለማለት ሞከረ። "ሌዎኖርዬ፣ ሐዘን ላይ ነሽ፤ ሁላችንም ይገባናል። ቤትሽ እመጣና በእርጋታ እንነጋገራለን።"

"ቤቴማ መጥተሃል። በአባቴ ሳሎን ቆመህ መንገድ ልትሸጥልኝ..."

ድምፏ እዚያ ላይ ተቆረጠ። ዘጠኝ ቀን ያላለቀሰችው ሁሉ መጣባት። አፏ ይንቀሳቀሳል፤ ቃል ግን አይወጣም። ከሦስተኛው ረድፍ ኤርሜሊንዳ ተነሣች። ከጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ውሃ በብርጭቆ ቀዳች፤ ማንንም ሳታይ አምጥታ ለሌዎኖር ሰጠቻት፤ ከጎኗም ቆመች። ወደ ወንበሯ አልተመለሰችም።

ሌዎኖር ብርጭቆውን በሁለት እጇ ያዘችው። ወደ አፏ አስጠጋችው፤ ግን አልጠጣችም። ጎንበስ ብላ ፌርሚን ፊት፣ ከበትሩ አጠገብ፣ ቀስ አድርጋ አስቀመጠችው።

"አንተ ጠጣው" አለች በተሰነጠቀ ድምፅ። "ጠጣና ጉሮሮህን አጥራ። ከዚያ በዚህ ሁሉ ሕዝብ ፊት መልስልኝ፤ የአባቴን ፖስታ ያሸገው ማን ነው? ስሙን ጥራ።"