በጣም በዝግታ፣ ሳይጎተት

በዱራሜ የአንድ ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ያንን ዝግ ያለ መዝሙር በዘመሩ ቁጥር አዳራሹ ከነሰዉ መሬት ውስጥ ይገባ ነበር። ይህ ለማንም ምስጢር አልነበረም። መዝሙሩ የሚዘመረው ያለ ኪቦርድ ነው፤ ያለ መሣሪያ በዝግታ ሲዘመር ደግሞ ድምፅ ከተነሳበት ቃና ቀስ በቀስ ዝቅ ማለቱ የትም ያለ ነገር ነው። እነሱ ከሬ ማይነር ይነሳሉ፤ ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ሲደርሱ ትንሽ ሸርተት ይላሉ፤ አዳራሹም እስከ መስኮቶቹ ግርጌ ድረስ ይሰምጣል። ከዚያ በጭብጨባ የሚዘመረውን ፈጣኑን መዝሙር ያስከትላሉ፤ ድምፃቸው ከፍ ሲል አዳራሹም ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ ሁሉ ምእመናኑን የሚያማርራቸው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ጣሪያው ዝቅ ሲል የጎረቤት ፍየሎች ቆርቆሮው ላይ ወጥተው በጸሎት ሰዓት ያንኳኳሉ።

የመዘምራኑ መሪ ምትኩ ልጅ እግር ነው፤ ቀልድ ግን አያውቅም። በኖታው ራስጌ ላይ «በጣም በዝግታ፣ ሳይጎተት» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ጽፏል። ስለ መዝሙሩ ስሜትም ክርክር አይፈልግም። «የሐዘን አይደለም፤ የተስፋ ነው» ይላል፣ አለቀ።

ዝቅ ባለ ድምፅ ከሚዘምሩት ሴቶች፣ ከአልቶዎቹ መካከል የምትቆመው ታፈሰች አትከራከረውም። ባሏ ኤርጫፎ በሕይወት ሳለ ከቤዞቹ ጋር ይቆም ነበር፤ ድምፁ ወፍራም፣ ልቡ ደግ ሰው። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ ሁልጊዜ አንድ ምት ዘግይቶ ይገባል። በመዝሙር ብቻ መሰላችሁ? ሠርግም ለቅሶም የሚደርሰው ዘግይቶ ነው። ታፈሰች በዚህ ስትጨቀጭቀው ኖረች። ባለፈው ክረምት ለልምምድ ሲወጡ የጫማውን ክር ሊያስር ጎንበስ አለ። «አንተን ስጠብቅ ልሙት?» አለችና ጥላው ሄደች። እሱም ሊደርስባት ሲሮጥ መንገድ ላይ ወደቀ፤ በዚያው አልተነሳም። የቀበሩት ከአዳራሹ ጀርባ፣ ከመስኮቱ አጠገብ ነው። ያ የመጨረሻ ቃሏ ከዚያ ወዲህ እንደ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ቀርቷል። ክሩን እስኪያስር ብትጠብቀው ምን ነበረበት?

አንድ የልምምድ ቀን ከፍ ባለ ድምፅ የሚዘምሩትን ሶፕራኖዎች ጉንፋን ይዟቸው ስለነበር ቃናው ከወትሮው አብልጦ ወረደ። መስኮቶቹን ቀይ አፈር ሸፈናቸው፤ አምፖል አብርተው ቀጠሉ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ፣ ከጀርባው መስኮት ማዶ፣ ከአፈሩ ውስጥ አንድ ቤዝ ገባ። አንድ ምት ዘግይቶ ነበር።

ምትኩ እጁን አቆመ። «ቤዞች፣ ማነው የዘገየው?»

«እኛ አይደለንም» አሉ ቤዞቹ። አንደኛው ጨመረ፤ «ጋሽ ኤርጫፎ ናቸው።»

«እሳቸው መሆናቸውማ ያስታውቃል» አለ ምትኩ። «ከሦስተኛው አንቀጽ፣ እንደገና።»

ከልምምዱ በኋላ ምትኩ የሽማግሌዎቹን ውሳኔ ተናገረ። ግድግዳው መሰንጠቅ ጀምሯል። ስለዚህ እሑድ አንዴ ብቻ እንደ ድሮው ይዘመራል፤ ከዚያ ወዲያ በኪቦርድ ይታጀባል። ኪቦርድ ደግሞ ከቃናው ወርዶ አያውቅም።

ታፈሰች በር ላይ ጠበቀችው።

«ምትኩ ልጄ፣ እኔ እኮ ኤርጫፎን ገና አላናገርኩትም።»

«እትዬ ታፈሰች፣ ግድግዳውን አይተውታል?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ላድርግልዎ?»

«እሑድ ሳትቸኩል ምራን።»

«እኔ መቼ ቸኩዬ አውቃለሁ?» አለ ምትኩ፤ ትንሽም ቅር አለው።

እሑድ ዕለት ታፈሰች ከመጀመሪያው አንቀጽ ጀምራ ድምፅዋን ሆን ብላ አወረደች። ለዘማሪ ነውር መሆኑ ጠፍቷት አይደለም፤ ግን ልቧ ቆርጧል። አልቶዎቹ እንደ ልማዳቸው እሷን ተከተሉ፤ ቴነሮቹ አልቶዎቹን። ሶፕራኖዎቹ ጥቂት ታገሉና ተሸነፉ። ፍየሎቹ ቆርቆሮው ላይ ወጡ፤ ቀጥሎ የእነሱም ኮቴ ከላይ እየራቀ ጠፋ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ኤርጫፎ ገባ፤ ያው ዘግይቶ።

ታፈሰች ከመስመሯ ወጥታ የጀርባውን መስኮት ከፈተች። አፈሩ ወደ ውስጥ አልፈሰሰም።

«እትዬ ታፈሰች፣ ቦታዎ» አለ ምትኩ፣ እጁ ምቱን ሳይስት።

«መጣሁ» አለች። ለማን እንዳለችው አልታወቀም። ነጠላዋን ሰብስባ መስኮቱን ተሻገረች፤ መዘምራኑን ብርድ እንዳይመታቸውም ከኋላዋ ዘጋችው።

ወዲያው የፈጣኑ መዝሙር ጭብጨባ ተጀመረ፤ አዳራሹም ተነሳ። ታፈሰች የወለሉን ሳንቃ ከሥር አየችው። በሳንቃዎቹ መካከል የሚያፈተልከው የአምፖል ብርሃን ከፍ፣ ከፍ እያለ ቀጠነ፤ ከዚያ ጠፋ። መፍራት ነበረባት፤ እሷ ግን የተሰማት ደስታ ነው።

ኤርጫፎ አጠገቧ ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስር ነበር።

«መጣሽ?» አላት።

«መጣሁ።»

«ጀመሩ እንዴ?»

ከላይ፣ ከሩቅ፣ ኪቦርዱ የመነሻውን ቃና፣ ሬን ሰጠ። ቀጣዩ እሑድ ደርሷል ማለት ነው። አልቶዎቹ ያለ እሷ ገቡ። ታፈሰች አፏን ልትከፍት አለችና ተወችው።

«ቀስ ብለህ እሰር» አለችው። «እጠብቅሃለሁ።»

ክሩ ረጅም ነበር። ከጫማው ወጥቶ በአፈሩ ውስጥ እየተጠላለፈ ሽቅብ ይሄዳል፤ ጫፉ አይታይም። ኤርጫፎ ይስበው ጀመር፤ ታፈሰች ከጎኑ ቆማ ጠበቀች። እሱ በሳበ ቁጥር፣ ከላይ፣ ኪቦርዱ በትንሽ በትንሹ ከቃናው ይወርድ ነበር።