ከማጭድ በታች የሚያብብ

አባቴ ሞኝ አይደለም። ሞኟ ዘረመል ተማርኩ ብዬ የምኮራው እኔ ልጁ ነኝ። ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከባሕር ማዶ የመጣ አረም የግጦሽ መሬቱን መውረር ሲጀምር፣ በእጄ ጽፌ ሰጠሁት፦ በየዓመቱ በዚህ ቀን፣ ሳያብብ፣ ሣሩ እንዳይጎዳ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርገህ እጨደው።

አንድም ዓመት ቀኑን አላሳለፈም። ወገቡን ሲያመው እንኳ ተንበርክኮ አጨደ። ለሥራ ሁሉ «ይደርሳል» ስለሚል አቶ ይደርሳል የምንለው ጎረቤታችን አጥር ተደግፎ፣ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» እያለ ይስቅበት ነበር። ያው አረም የወረረው የእሱ መሬት ግን ታጭዶ አያውቅም።

ዘንድሮ አባዬ ደወለ። «ልጄ፣ ሣር ጠፋ፤ ሁለቱን ላሞች ሸጥኩ። መሬቱን ልተወው ወይስ ልታገል? አንቺ ያልሽውን ነው የማደርገው።»

ከሁለቱም መሬት ዘር ለቅሜ፣ በምሠራበት ግሪን ሃውስ በአንድ ዓይነት አፈር አበቀልኩ። የአቶ ይደርሳል አረም እስከ ወገቤ አድጎ፣ ዘግይቶ አበበ። የአባዬ ግን ከመሬት አራት ጣት ሳይርቅ፣ ወር ቀድሞ አበበ። የዘረመል ምርመራው ሁለቱም የመጡት ከአንድ ዘር መሆኑን አሳየ፤ የለያያቸው ማጭዱ ነው። አባዬ ረጅሙን ባጨደ ቁጥር ዘር ያፈራው ከማጭዱ በታች የቀረው ብቻ ነበር፤ ከዚያ ዘር የበቀለውም አጭር ሆነ። አባቴን የአረም አርቢ አደረግኩት፤ ያውም በዚያ ወገቡ።

ሄጄ ነገርኩት። ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ማጭዱን እየሳለ ነበር። ላለሳልሰው ብሞክር አልቻልኩም፤ ሁሉንም አወጣሁት።

«እና የዚያ ሰነፍ መሬት ከእኔ ይሻላል?» አለ።

«ይሻላል፣ አባዬ። የእሱ አሁንም በማጭድ ይጠፋል። ያንተ ግን ከሥሩ ካልተነቀለ አይሆንም። ይህን ሁሉ ደግሞ ብቻህን አትነቅለውም።»

«እኔም ተኝቼ ብከርም ኖሮ...» ሳይጨርሰው ሳቀ። ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

የማጭዱን ስለት በአውራ ጣቱ ሞከረና ቀና ብሎ አየኝ።

«አይዞሽ፣ አንቺ ምን ታደርጊ። ወር ቀድሞ ካበበ እኔም ወር ቀድሜ፣ ዝቅ አድርጌ አጭደዋለሁ። አንቺ ቀኑን ብቻ ንገሪኝ።»

ብነግረው፣ ከዚያኛውም ቀን የሚያመልጥ አረም ሊያረባ ነው። ባልነግረው ደግሞ ጠዋት ከአልጋው የሚያስነሳው ነገር አይኖርም።

ቀን ነገርኩት።